የሰርግ ካሴት ላይ የአዝማሪው ድምፅ ለምን ይቀጥናል? (ካሴት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ፣ ሰሜን ሸዋ)

የጠባሴው | ቅዳሜ ማታ 1፡40

ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች። 43 ካሴት መገልበጥ ይፈለጋል። 15ቱ ከሙዚቃ ቤት የተገዙ ኦርጅናሎች ናቸው፤ ጥላሁን፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማህሙድ፣ አለማየሁ እሸቴ፣ አስቴር። 14ቱ ከሌላ ካሴት የተቀዱ ኮፒዎች ናቸው። የቀሩት 14 መንዝና ተጉለት ውስጥ ሰርግ ላይ በቴፕ የተቀረጸ የአዝማሪ ጨዋታ ነው፤ ማሲንቆ፣ እልልታ፣ አንዳንዴ ከበሮ።

ለሙከራ ስልክ ከቴፑ ስፒከር ፊት አስቀምጬ ቀዳሁ። ሁለት ችግር አለ። አንደኛ፣ ሁሉም ጣሳ ውስጥ ሆነው የሚዘፍኑ ይመስላሉ። ሁለተኛ፣ የሰርጎቹ ላይ አዝማሪው ሲጀምር ጎርናና ወንድ ነው፤ ካሴቱ ሊያልቅ ሲል የሕፃን ድምፅ ይሆናል። ኦርጅናሎቹ ላይ ይህ የለም፣ ፍጥነታቸው ልክ ነው። ቴፑ ኤርፎን መሰኪያ አለው፣ ላፕቶፕም አለ። ሌላ ምን ያስፈልጋል? ከየትኛውስ ልጀምር?

ቴፕ_ጠጋኝ | ቅዳሜ ማታ 2፡25

ሁለቱን አትደባልቃቸው ወንድሜ፣ መንስኤያቸው ለየቅል ነው።

የጣሳው ነገር ከስልኩ ነው። የትንሽ ቴፕ ስፒከር ባሱን ከመነሻውም አያወጣውም። የስልክ ማይክ ደግሞ ለንግግር የተሠራ ነው፤ ወፍራሙን ድምፅ ይቆርጣል፣ ዘፈኑ ሲጮህ በራሱ ይቀንሳል፣ ዝግ ሲል በራሱ ይጨምራል። በዚያ ላይ የክፍሉ ማስተጋባት አለ። በገመድ ካልሆነ አትድከም።

የሕፃኑ ድምፅ ግን የባትሪ ድንጋይ ሥራ ነው። ኦርጅናሎቹ ልክ ከሆኑ ቴፕህ ጤነኛ ነው፣ ስለዚህ ጥፋቱ በተቀረጸበት ቀን የተፈጸመ ነው። መብራት በሌለበት መንደር ቴፑ የሚሠራው በድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ሞተሩ ይዘገያል፣ ክሩም እየተንቀረፈፈ ይቀረጻል። ያንኑ ክር ዛሬ በደንቡ ፍጥነት፣ በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር፣ ስታስኬደው በዝግታ የተጻፈው በጥድፊያ ይነበባል። ድንጋዩ የደከመው ቀስ በቀስ ስለሆነ ድምፁም የሚቀጥነው ቀስ በቀስ ነው። አንዳንዴ ካሴቱ መሃል ላይ ድንገት ወደ ጎርናናው ይመለሳል፤ እዚያ ጋ ድንጋይ ተቀይሯል ማለት ነው። ቦታውን ደቂቃና ሰከንዱን ጽፈህ ያዝ፣ በኋላ ስታስተካክል ትፈልገዋለህ።

ይህ ሁሉ የሚስተካከለው ኮምፒውተር ላይ ነው። አሁን የቴፑን ሞተር ፍጥነት እንዳትነካካ።

ከመገልበጥህ በፊት ቴፑን አጽዳ። ሄዱን (ክሩን የሚያነበውን ብረት)፣ አጠገቡ ያለችውን ቀጭን የብረት ዘንግና ክሩን የምትጎትተውን ጥቁር ጎማ ማለቴ ነው። ለብረቶቹ 90 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በጥጥ፤ ጥጡ ቡናማ መሆኑን እስኪተው ድረስ። ለጎማዋ ለብ ያለ ውሃ ከጠብታ ሳሙና ጋር፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ። አልኮል ሲደጋገምባት ትደርቅና ትሰነጠቃለች፣ ከዚያ ክሩን መንከስ ትጀምራለች። የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም፤ ውስጡ ግሊሰሪን ስላለ ሄዱን ያጣብቀዋል። (አገራችን በምታወጣው አረቄ ሞክሬ ብለህ እንዳትመጣ ደግሞ። ግማሹ ውሃ ነው።) ጽዳቱን በየ5 ካሴቱ ድገመው፤ ለሰርግ ካሴት በየካሴቱ። የሰርግ ካሴት ባና ሲራገፍበት የኖረ ነው፣ ብናኙ አያልቅም።

ቆላ_ነኝ | ቅዳሜ ማታ 2፡50

ከጠጋኝ ላይ ልጨምር። ደብረ ብርሃን ላይ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ውርጭ ለካሴት ክፉ ነው። ከቀዝቃዛ ዕቃ ቤት አውጥተህ ምድጃ ያለበት ክፍል ስታስገባው ክሩ ላይ ላብ ያወጣል፣ እርጥብ ክር ደግሞ ሄዱ ላይ ይለጠፋል። ከነማቀፊያው ክፍሉ ውስጥ አስቀምጠህ ቢያንስ 3 ሰዓት፣ ባይሆን አሳድረው። ቴፑም እንደዚያው። ቅባቱ በብርድ ስለሚወፍር የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ይንቀረፈፋል፤ አንድ የማትሳሳለትን ካሴት አዙርበትና አሙቀው።

እኛ ጋ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ተቃራኒው ነው። መኪና ዳሽቦርድ ላይ የተቀመጠ ካሴት ቤቱ (የላስቲክ ቅርፊቱ) ይጣመማል። ክሩ ምንም አልሆነ ይሆናል፣ ቤቱ ግን አያሽከረክረውም። እንዲህ ያለውን በግድ አታጫውተው።

እና በመስኮቷ በኩል ጥቅሉን ተመልከት። ጠርዙ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካየህ ሻጋታ ነው፤ ለብቻው አውጣው። አንድ የሻገተ ካሴት ቴፑን በክሎ ሌሎቹን 42 ያበላሻል።

ይፋቴው | ቅዳሜ ማታ 3፡30

የቅደም ተከተሉን ጥያቄ ማንም አልመለሰለትም።

ኦርጅናሎቹን መጨረሻ ላይ አድርጋቸው። የጥላሁንና የማህሙድ፣ የአለማየሁም የዚያ ዘመን ሥራ ከፊሉ በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲ ወጥቷል። ማህሙድ ቁጥር 7፣ አለማየሁ ቁጥር 9 እና 22፣ ጥላሁን ቁጥር 17፣ አስናቀች ወርቁ ከነክራሯ ቁጥር 16 ላይ ናቸው። ደቅቆ ካረጀ ካሴት ላይ ተጨንቀህ የምታወጣው ድምፅ እነዚያን አያህልም። ካሴትህ ላይ ያለው ቅጂ ከሲዲው የተለየ መሆኑን ካረጋገጥህ ብቻ ገልብጠው፤ ሲዲዎቹ ላይ ያልገቡ ዘፈኖችም በርካታ ናቸው።

የሰርጎቹ 14 ግን በዓለም ላይ ያሉት እነዚያው 14 ናቸው። ክሩ ከተበጠሰ አዝማሪውም ግጥሙም አብሮ ሄደ። ከእነሱ ጀምር። ከእነሱም ውስጥ መጀመሪያ ሲ-120 (የ120 ደቂቃ) የሚል የተጻፈባቸውን። የእሱ ክር ውፍረት 9 ማይክሮን ገደማ ነው፣ የሲ-60 ደግሞ 18፤ ቴፕ የሚበላው ሁልጊዜ ቀጭኑን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ የይፋት ሰው ስለሆነ ዝም አልልም። የእሱ ካሴት ካለህ የሳክስፎኑን መንቀጥቀጥ የክር መንቀጥቀጥ መስሎህ ልታስተካክለው እንዳትሞክር። ሰውዬው ሽለላና ፉከራን ነው ወደ ሳክስፎን የመለሰው፤ ድምፁ እንደ ፎካሪ ጉሮሮ እንዲርገበገብ ሆን ብሎ ነው። ልዩነቱ እንዲህ ነው፦ የእሱ ርግብግብታ ፈጣን ነው፣ በረጅም ድምፅ ላይ ይመጣና ይጠፋል፣ ከኋላ ያለው ባንድ አይነቃነቅም። የቴፕ ጥፋት ሲሆን ግን ከበሮም ባስም ሁሉም አብረው ይዋዥቃሉ። በሰከንድ አንዴ ገደማ እየተመላለሰ ከሆነ ጎማዋ ሞላላ ሆናለች።

ቴፕ_ጠጋኝ | ቅዳሜ ማታ 3፡41

ትክክል። ጎማዋ አንድ ዙር የምትዞረው በሰከንድ ከአንድ ጊዜ ትንሽ በልጦ ነው፤ ጠፍጣፋ ቦታ ካላት በዚያው ምት ትሰማታለህ።

የጠባሴው | እሑድ ጠዋት 3፡05

እግዜር ይስጥልኝ። ሲ-120 ሦስት አሉ፣ ከእነሱ እጀምራለሁ። ገመዱስ? ላፕቶፑ አንድ መሰኪያ ብቻ ነው ያለው፣ የማይክና የኤርፎን ምልክት አንድ ላይ ተደርጎበታል።

ሞላሌ | እሑድ ጠዋት 4፡15

እዚያች ቀዳዳ ላይ አትሰካው። የማይክ መግቢያ ናት፤ ከግራና ከቀኙ ድምፅ አንድ ወገን ብቻ ትቀበላለች፣ ለደካማ ማይክ የተዘጋጀች ስለሆነች የቴፑን ድምፅ ታፈነዳዋለች። "ላይን ኢን" (ከቴፕ በገመድ የሚመጣ ድምፅ መግቢያ) ያለው ዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ግዛ። ስትገዛ አስተውል፤ ርካሾቹ ውስጥ አብዛኞቹ ያላቸው የማይክ መግቢያ ብቻ ነው፣ ቀለሙ ሮዝ ነው። ላይን ኢን ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ነው። ገመዱ በሁለቱም ጫፍ 3.5 ሚሊ ሜትር ስቴሪዮ፣ ጫፉ ላይ ሁለት ጥቁር ቀለበት ያለው። ሦስት ቀለበት ያለው የስልክ ነው፣ አይሆንም።

የቴፑን ቮልዩም ግማሽ ላይ አድርግ። "ባስ ቡስት" የሚባል ካለው አጥፋው፣ ኢኳላይዘር ካለው ሁሉንም መሃል ላይ። ኮምፒውተሩ ላይ ኦዳሲቲ የሚባለውን የድምፅ መቅጃና ማስተካከያ ፕሮግራም ጫን፣ ነፃ ነው። 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ስቴሪዮ። ከካሴቱ በጣም የሚጮኸውን ቦታ ፈልግ፤ በሰርግ ካሴት እልልታው ነው፣ ዘፈኑ አይደለም። እልልታው ላይ መለኪያው ከ0 በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ እንዲደርስ አድርገህ ተወው። አናቱ የተቆረጠ ድምፅ በኋላ አይመለስም፤ ዝቅ ያለውን ግን መቼም ከፍ ማድረግ ይቻላል።

እያንዳንዱን ካሴት ከመቅዳትህ በፊት አንዴ እስከ መጨረሻው አዙረህ መልሰው። ለዓመታት የተቀመጠ ጥቅል ይጣበቃል፤ ሳይላቀቅ ካጫወትኸው መሃል ላይ ይይዝና ፍጥነቱ ይወዛወዛል።

ስትቀዳ ገጹን ሙሉውን ባንድ ፋይል ቅዳ፣ ዘፈን በዘፈን እየቆረጥህ አትቀጥል። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀል፤ ግማሹ ጉምጉምታ ከእሱ ነው የሚመጣው፣ መብራት ሲሄድም ሥራው አይቋረጥብህም። ገጹ እንዳለቀ ወዲያው አስቀምጥ።

ቦታ፦ በዚህ ልክ አንድ ደቂቃ 17 ሜጋባይት ይወስዳል፣ የ60 ደቂቃ ካሴት 1 ጊጋባይት ገደማ። ፍላክ በሚባለው የፋይል ዓይነት ስታስቀምጠው ድምፁ ሳይነካ ወደ ግማሹ ይወርዳል። ለ43 ካሴት 32 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል፣ ግን ሁለት ፍላሽ አድርገውና አንዱን ሌላ ቤት አስቀምጠው። ኤምፒ ስሪ ለቴሌግራም መላኪያ ብቻ ነው፤ ዋናውን በእሱ እንዳታስቀምጥ።

ስም አሰጣጥ፦ የካሴቱ ቁጥር፣ ገጽ፣ ቦታ፣ ዓመት። "07_ሀ_መሐልሜዳ_1984" ዓይነት። ዓመቱን ካላወቅህ አትገምት፣ "ዓመት የለም" በለው። ልጣፉን በሁለቱም በኩል ፎቶ አንሣና ከፋይሉ ጋር አስቀምጥ።

ስድስት_አውታር | እሑድ ቀን 7፡20

ፍጥነት ማስተካከሉ ላይ እንምጣ፣ ዋናው ጣጣ እዚያ ነው።

ኦርጋን ወይም ኪቦርድ ባለበት ዘፈን ቀላል ነው። ኪቦርዱ የተቃኘው አብዛኛውን ጊዜ "ላ" በ440 ኸርዝ ሆኖ ነው። ስልክህ ላይ የጊታር መቃኛ አውርድና የኪቦርዱን ረጅም ድምፅ አስለካ። ከአንድ ኖታ ላይ ካረፈ ብዙውን ጊዜ ልክ ነው፣ በሁለት ኖታ መካከል ከተንጠለጠለ ፍጥነቱ ተዛብቷል። ግማሽ ድምፅ ከፍ ካለ ኦዳሲቲ ላይ ፍጥነቱን በ5.6 ከመቶ ቀንስ። "ፍጥነት ቀይር" የሚለውን ነው የምትጠቀመው፣ "ቴምፖ" ወይም "ፒች" የሚሉትን አይደለም። እነዚያ አንዱን ሳይነኩ ሌላውን ብቻ ስለሚጎትቱ ድምፁ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስላል።

በማሲንቆ ግን ይህ አይሠራም። ማሲንቆ ቋሚ ልክ የለውም፣ አዝማሪው የሚቃኘው በዚያን ቀን ጉሮሮው ልክ ነው። ስለዚህ "ይህ ኖታ አይደለም" ብለህ ወደ ኖታ ብትጎትተው ራስህ አበላሸኸው። የምትፈልገው ፍጹም ልክ ሳይሆን መንሸራተቱን ነው። አንድ ዘፈን ውስጥ የማረፊያውን ድምፅ መጀመሪያ ላይ፣ መሃል ላይና መጨረሻ ላይ ለካ። በራሱ በመሣሪያው ምክንያት ቢንሸራተት የሚንሸራተተው ወደ ታች ነው፤ የፈረስ ጭራው ይረግባል፣ ቆዳው እርጥበት ሲነካው ይላላል። በአንድ ዘፈን ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ላይ ከወጣ የድንጋዩ ሥራ ነው።

በዘፈንና በዘፈን መካከል ከፍ ካለ ግን ተጠንቀቅ፤ አዝማሪው አውታሩን አጥብቆ ይሆናል።

ሌላ የሚያሳስት ነገር፦ ምቱ ስለፈጠነ ብቻ ካሴቱ ፈጠነ አትበል። የሸዋ ጭፈራ ዝግ ብሎ ጀምሮ መፍጠኑ ጠባዩ ነው። ማስረጃህ የድምፁ መቅጠን ይሁን፤ በተለይ አዝማሪው ሳይዘፍን የሚናገርበት ቦታ፣ "ተቀበል" ሲል፣ ሽልማት የሰጠውን ሰው ስም ሲጠራ። የንግግር ድምፅ አይዋሽም።

ቴፕ_ጠጋኝ | እሑድ ቀን 8፡00

ግሩም። ከእነዚህ ውስጥ በመብራት የተቀረጸ ካለ ደግሞ ሌላ መላ አለ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ ጉምጉምታውም ካሴቱ ላይ ይቀረጻል። ኦዳሲቲ ላይ ሰው የማይዘፍንበትን ጸጥ ያለ ቦታ መርጠህ የድምፅ ስፔክትረሙን አሳየኝ በለው። ጉምጉምታው 50 እና 100 ላይ ከቆመ ፍጥነቱ ልክ ነው። 53 እና 106 ላይ ካገኘኸው 6 ከመቶ ፈጥኗል። በጄኔሬተር ከሆነ ግን አትመነው፣ ጄኔሬተር ራሱ ይዋዥቃል።

አንድ ማጣሪያ፦ ካሴቱን አቁመውና አዳምጥ። ጉምጉምታው ካልጠፋ ካሴቱ ላይ ያለ አይደለም፣ ካንተ ገመድ የመጣ ነው። እሱ ምንጊዜም 50 ስለሚሆን ያሳስትሃል።

ለሚንሸራተተው ካሴት፣ አንዴ በአንድ ቁጥር አታስተካክለው። ኦዳሲቲ "የጊዜ ትራክ" የሚባል መስመር አለው። በየ2 ደቂቃው ነጥብ እየተከልህ የሚገባውን መቶኛ ትሰጠዋለህ፤ ነጥቦቹን እሱ ያያይዛቸዋል። ድንጋይ የተቀየረበት ቦታ ላይ ፋይሉን ቆርጠህ ለየብቻ ሥራው።

ጸጥታ_ወዳድ | እሑድ ቀን 9፡10

ሹክሹክታውንስ? ኦዳሲቲ ላይ ጩኸት ማጥፊያ አለ እኮ። ሁለት ጊዜ ብትነካው ክሩ የሚያሰማው "ሽሽሽ" ሙልጭ ብሎ ይጠፋል። ማንም ስለሱ ያላነሳው ለምንድን ነው?

ስድስት_አውታር | እሑድ ቀን 9፡25

ያላነሳነው ማሲንቆውን አብሮ ስለሚያጠፋው ነው ጌታዬ። የማሲንቆ ድምፅ የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ላይ ሲፋተግ የሚወጣ ነው፤ ዕጣን የሚቀባውም እንዲይዝና እንዲያንገራግር ነው። ያ መፋተግ ለኮምፒውተሩ "ሽሽሽ" ነው። አጥፋልኝ ስትለው ያጠፋልሃል፤ የሚቀርህ ፉጨት ነው።

ጸጥታ_ወዳድ | እሑድ ቀን 9፡31

ለአስቴር ካሴት ተጠቅሜበት ጥሩ ሆኗል።

ሞላሌ | እሑድ ቀን 9፡50

ባንድ ላይ ያን ያህል ላይታወቅህ ይችላል፤ ሲምባሉን ግን አዳምጠው፣ አሸዋ ሆኖ ታገኘዋለህ። ሁለታችሁንም የሚያስማማው ይኸው ነው፦ ጥሬውን ፋይል አትንካ። ማጽዳት ከፈለግህ ቅጂው ላይ፣ ያውም ከ6 ዴሲቤል በላይ ሳትቀንስ። ጥሬው ካለ ነገ የተሻለ ፕሮግራም ሲመጣ እንደገና ትሠራዋለህ።

ይፋቴው | እሑድ ማታ 1፡15

ስትመዘግብ ቅኝቱንም ጻፍ። "የአዝማሪ ዘፈን 3" ብሎ ማስቀመጥ ምንም አይጠቅምም። ከ"ዶ" ብትነሣ፦ ትዝታ ሜጀር ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፤ ባቲ ሜጀር ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ፤ አምባሰል ዶ፣ ሬ ዝቅ ያለው፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ዝቅ ያለው። አንቺ ሆዬ ዶ፣ ሬ ዝቅ ያለው፣ ፋ፣ ሶል ዝቅ ያለው፣ ላ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አምባሰልና ትዝታ ማይነር ላይ ነው። ከሬ የተነሣ አምባሰልና ከሶል የተነሣ ትዝታ ማይነር አምስቱም ድምፆቻቸው አንድ ናቸው። ስለዚህ ድምፆቹን ለቅሞ መቁጠር አይበቃም፣ ዘፋኙ ስንኙን ሲጨርስ የት ላይ እንደሚያርፍ ስማ። ማረፊያው ነው ስሙን የሚሰጠው። እና ይህን ፍጥነቱን ካስተካከልህ በኋላ ሥራው፤ በሚንሸራተት ካሴት ላይ ቅኝት የሚፈልግ ሰው ራሱን ብቻ ነው የሚያደክመው።

የእነዋሪዋ | እሑድ ማታ 2፡00

ሁላችሁም የድሮውን ነው የምታወሩት። አሁንም አዝማሪ አለ፣ አሁንም ሰርግ አለ፤ ሰዉም በስልኩ እየቀዳ የሚያመጣው ከድሮው ቴፕ የባሰ ነው። ጥር ሲመጣ ለምትቀዱ፦

ማጉያ ከሌለ ስልኩን ከአዝማሪው 1 ሜትር ተኩል፣ በደረቱና በማሲንቆው መካከል ከፍታ ላይ አድርጉ። ከዚያ ከራቀ የሰው ወሬ ይውጠዋል፣ ከቀረበ ማሲንቆው ድምፁን ይሸፍነዋል። የስልኩ ማይክ ታች ነው፣ በመዳፋችሁ አትሸፍኑት። ጋቢ ውስጥ ከታችሁት የጋቢውን ኮሽታ ነው የምትቀዱት።

በኮንሰርት ወይም ማጉያ ባለበት ድንኳን ከሆነ ስፒከሩ ፊት አትቁሙ። የሚክሰሩ ሰው የተቀመጠበት አጠገብ ቁሙ፤ ድምፁን የሚያመዛዝነው እዚያ ሆኖ በሚሰማው ልክ ነው። የቪዲዮ ቅጂ ድምፁን ይጨፈልቀዋል፣ በራሱ ከፍ ዝቅ ያደርገዋልም። ድምፅ ብቻ የሚቀዳ፣ የቅጂ መጠኑን በእጅ የሚያስተካክል መተግበሪያ ጫኑና ዌቭ (ያልተጨመቀ ፋይል) አድርጉት። ባለአንድ ወገን 48 ኪሎኸርዝ፣ 16 ቢት ሲሆን ለ3 ሰዓት 1 ጊጋ ይፈጃል። እልልታው ላይ 30 ሰከንድ ሞክሩ። ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት፣ አለበለዚያ በዘፈኑ መሃል ጥሪ ይገባል። የመንዝ ጥር ላይ ባትሪ በብርድ ቶሎ ይወርዳል፤ እስኪጀመር ኪስ ውስጥ ሙቀት ላይ ይቆይ።

እና ሽልማት ከመስጠታችሁ በፊት አዝማሪውን ጠይቁት። "ልቅዳ ወይ?" ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ስሙንና አገሩንም እዚያው ቅጂው ላይ እንዲናገር አድርጉ። የጠባሴው ወንድማችን ካሴቶች ላይ ያ ቢኖር ዛሬ ስንት በተጠቀምን!

የጠባሴው | እሑድ ማታ 2፡20

እውነት ነው እህቴ፣ ከ14ቱ ስም ያለው ሁለቱ ብቻ ነው። የተገለበጡትን ዩቲዩብ ላይ መጫን ይቻላል?

ሞላሌ | እሑድ ማታ 2፡45

ለራስህ አንድ ቅጂ ማድረግ ሌላ፣ ለሕዝብ ማሰራጨት ሌላ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላም በ872/2007 የተሻሻለው፣ ለደራሲው ዕድሜውን በሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል፤ ለከዋኙ (ለዘፈነው ወይም ለተጫወተው) እና ለድምፅ ቅጂው አሳታሚም 50 ዓመት። ኦርጅናሎቹን መጫን አትችልም። የሰርጎቹንም አዝማሪውን ወይም ወራሾቹን ሳታገኝ አትጫን፤ ከዋኝ ነውና መብት አለው። ለቤተሰቦቹ ፍላሽ ላይ ገልብጦ መስጠት ግን የሚያስመሰግን ነው። ብዙ ጊዜ ስሙና ዓመቱም የሚገኘው ከእነሱ ነው።

ጣርማበር | እሑድ ማታ 3፡30

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። አዲስ አበባ ኮንሰርት ለምትሄዱ፦ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ መኪናው የሚያወርዳችሁ ላምበረት መናኸሪያ ነው። ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ በዚያው ሌሊት መመለሻ አገኛለሁ ብላችሁ አትውጡ፣ ማደሪያ ቀድማችሁ ያዙ። ትኬት ከመንገደኛ ላይ ስትገዙ ኮዱ ፎቶ ብቻ ከሆነ ተዉት፤ ያ ፎቶ ለስንት ሰው እንደተሸጠ አይታወቅም፣ በሩ ላይ የሚገባው ቀድሞ ያስነበበው ነው።

ጆሯችሁንም አስቡበት። 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይቻላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ 15 ደቂቃ ነው፣ ስፒከር አጠገብ ደግሞ ከ100 ይበልጣል። የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ጠቅልሎ፣ ጆሮን በሌላ እጅ ወደ ላይና ወደ ኋላ ስቦ ማስገባት፤ እስኪያብጥ 20 ሰከንድ በጣት መያዝ። ጫፉ ላይ ብቻ የተሰነቀረ መድፈኛ ምንም አይከለክልም። ጆሮው የጠፋ አድናቂ ካሴት ቢገለብጥ ለማን ነው?

የጠባሴው | ረቡዕ ማታ 2፡05

ሦስቱ ሲ-120 አልቀዋል። በላይን ኢን ሲሆን የጣሳው ድምፅ የለም። 02 ቁጥር ላይ መንሸራተቱ ሲለካ መጀመሪያው ደህና፣ 41ኛው ደቂቃ ላይ ግማሽ ድምፅ ከፍ ብሏል፤ በጊዜ ትራክ ወርዷል፣ አሁን ሰውዬው ከዳር እስከ ዳር አንድ ሰው ነው። የቀረ ችግር፦ 03 ቁጥር ድምፁ ታፍኗል፣ አንዳንዴም ለሰከንድ ይጠፋል። ሄዱ ንጹሕ ነው፣ ሌሎቹ ካሴቶች ላይ ይህ የለም።

ቴፕ_ጠጋኝ | ረቡዕ ማታ 2：30

ሁለት ነገር ነው የሚሆነው። ካሴቱን ገልብጠህ ክሩ ሄዱን የሚነካበትን መሃል ቀዳዳ ተመልከት። ከክሩ ጀርባ በቀጭን የመዳብ ልሳን ላይ የተለጠፈች ትንሽ የሱፍ ቁራጭ መኖር አለባት። ክሩን ሄዱ ላይ የምትጫን እሷ ናት። ሙጫዋ ሲደርቅ ትወድቃለች፤ ያኔ ክሩ ይላላና ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይቋረጣል።

ሱፏ ካለች የሄዱ አቀማመጥ ነው። የቀረጸው ቴፕ ሄድ ካንተው ትንሽ ዘንበል ብሎ ነበር ማለት ነው። ከሄዱ ጎን ስፕሪንግ ያላት ትንሽ ብሎን አለች። መነሻዋን በማርከር ምልክት አድርግ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሁለቱን ወገን ወደ አንድ አዋህደህ አዳምጥ፣ ካሴቱ እየሄደ በትንሽ በትንሹ አዙራት፤ እልልታው ጥርት የሚልበት ቦታ አለ። ከሩብ ዙር በላይ አያስፈልግም። ስትጨርስ ወደ ምልክቱ መልሳት፣ አለበለዚያ ቀጣዮቹ 40 ይታፈናሉ።

የጠባሴው | ረቡዕ ማታ 2፡52

ሱፏ የለችም! ልሳኑ ባዶውን ነው።

ቴፕ_ጠጋኝ | ረቡዕ ማታ 3፡00

እንግዲያው ቤቱን ቀይረው። የማይፈለግ፣ ቤቱ በ5 ብሎን የታሰረ ካሴት ፈልግ፤ በሙጫ የተዘጋውን አትሞክር። ጠረጴዛ ላይ ነጭ አንሶላ አንጥፍ፣ ብሎኖቹን ፍታ፣ የላይኛውን ክዳን ቀጥ አድርገህ አንሣ። ውስጡን ከማንቀሳቀስህ በፊት ክሩ በየትኛው ጎማ በየት በኩል እንደሚያልፍ ፎቶ አንሣው። ሁለቱን ጥቅሎች ባንድ ጊዜ በሁለት እጅ አንሥተህ ወደ አዲሱ ቤት አሻግር፤ ክሩን በጣትህ ጠርዙን ብቻ ያዝ። ሁለቱንም ቀጫጭን ላስቲክ ወረቀቶች አትርሳ፣ ያለእነሱ ጥቅሉ ይፋተጋል። ስትዘጋ ብሎኖቹን በሰያፍ፣ ሳታጠብቅ። በእስክሪብቶ ሁለት ሦስት ዙር አሽከርክረህ ካልያዘ ብቻ ቴፑ ውስጥ አስገባው።

ክሩ ከተበጠሰብህ በስኮች አትቀጥለው። ሙጫው እየፈሰሰ ቀጣዩን ዙር ያጣብቃል። የካሴት መቀጠያ ፕላስተር እስክታገኝ እንደተበጠሰ አስቀምጠው።

የጠባሴው | ረቡዕ ማታ 4፡35

ተቀይሯል። እልልታው ወጣ። 43ኛው ደቂቃ ላይ አዝማሪው ራሱ ስሙንና አገሩን ይጠራል፤ እስካሁን ታፍኖ አልተሰማም ነበር። ልጣፉ ላይ ጽፌዋለሁ።